ደም ያነሰው ሰው ቀይ ስር ከመጭመቁ በፊት

«ደም አንሶሃል» የተባለ ሰው ቤት መጀመሪያ የሚገባው ቀይ ስር ነው። ቀለሙ ደም ስለመሰለ ደም አይሆንም፤ 100 ግራሙ ውስጥ 1 ሚሊግራም ብረት እንኳ አይሞላም፣ ሰውነት የሚወስደውም ከዚያው ጥቂቱን ነው።

«ግፊቴ ዝቅ ብሏል፣ ደም አንሶኛል»፦ ሌላ ነገር ነው። ደም ማነስ የሚታወቀው በሄሞግሎቢን፣ ማለትም ብረት ባለበት ኦክስጅን ተሸካሚ የደም ክፍል ልክ ነው።

«ሄሞግሎቢኔ 12.5 ነው፣ ደህና ነኝ»፦ የተጠራቀመው ብረት ቀድሞ ያልቃል፣ ስለዚህ የብረት ክምችቱን የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ፌሪቲን፣ ይለካ፤ ከ30 በታች ከሆነ ብረት ጎድሏል። የአዲስ አበባ ከፍታም ሄሞግሎቢንን በዴሲሊትር 1 ግራም ያህል ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ሰሚን የሚያሰለቸው ግን «ደም አልፈሰሰኝም፣ የጎደለኝ ምግብ ነው» የሚለው ነው። ሂሳቡን እንሥራው። 1 ሚሊሊትር ደም ግማሽ ሚሊግራም ያህል ብረት ይይዛል። ከጨጓራው ቁስል በቀን 10 ሚሊሊትር፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ደም የሚወጣበት ሰው 5 ሚሊግራም ብረት ይከስራል። አንጀት ከምግብ በቀን የሚቀበለው ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ነው፤ እጥረት ሲኖር ቢጨምርም ኪሳራውን አይደርስበትም። ሥጋውንም ምስሩንም ቢያፈራርቁ ያው ነው። ሁለት ማንኪያ ደም ደግሞ ከሰገራ ጋር ተቀላቅሎ ሲወጣ አይታይም፤ ሰገራ እንደ ሬንጅ እስኪጠቁር 50 ሚሊሊትርና ከዚያ በላይ መፍሰስ አለበት። ዓይን ምስክር የማይሆነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የብረት እጥረት የተገኘበት ወንድ ወይም ያረጠች ሴት ክኒን ብቻ ይዘው ወደ ቤት አይሂዱ። ጨጓራውም ትልቁ አንጀትም በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ይታይ፤ የአንጀት ካንሰር የመጀመሪያ ምልክቱ ደም ማነስ ብቻ ሊሆን ይችላል። «ኪንታሮቴ ነው» ብሎ መዝለል አይቻልም። ለወገቡ ዳይክሎፌናክ የለመደ ሰው ለሐኪሙ ይናገር፤ ይህ ማስታገሻ ጨጓራን ሊያደማ ይችላል። በባዶ እግሩ እርሻ የሚውልም ሰገራውን ለመንጠቆ ትል፣ ከአንጀት ደም ለሚመጠው ጥገኛ ትል፣ ያስመርምር።

«የእናቴም የወር አበባ እንዲሁ ብዙ ነበር»፦ እንዲያውም ይበልጥ ያስመረምራል፤ የደም አለመርጋት ችግር በዘር ይተላለፋል። ሞዴስ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ከሞላ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክል የረጋ ደም ካለ፣ ወይም ከ7 ቀን ካለፈ ብዙ ነው። ማዮማም (የማህፀን እጢ)፣ መዳብ ያለው ሉፕም (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የወሊድ መከላከያ) ያበዛዋል።

የብረት ክኒኑ በባዶ ሆድ፣ በቀን አንዴ ወይም ቀን እየዘለሉ ይዋጣል፤ ቡናና ሻይ 2 ሰዓት ይራቁ። ሰገራ ያጠቁራል፣ አያስደነግጥም፤ የሚያጣብቅ፣ የሚያብረቀርቅና የሚከረፋ ከሆነ ግን ወዲያው ድንገተኛ ክፍል። ሄሞግሎቢን ከተስተካከለ በኋላም ክኒኑ 3 ወር ይቀጥላል። ሄሞግሎቢን በ4 ሳምንት 2 ግራም ያህል ካልጨመረ ወይ ክኒኑ በትክክል አልተዋጠም፣ ወይ አንጀት አልተቀበለውም፣ ወይ ደሙ አሁንም እየፈሰሰ ነው።