ጓሮ የምንደፋው ፈርስ

ከጦሳ ሥር ሲግጥ የከረመ በግ ደሴ ውስጥ ለበዓል ሲታረድ፣ ጨጓራውን የሚያጥበው ሰው ፈርሱን ጓሮ ደፍቶ ይመለሳል። በአንዲት ሚሊ ሊትር የጨጓራ ፈሳሽ ውስጥ ቢሊዮኖች ባክቴሪያ እንዳሉ፣ አብዛኞቹም በላቦራቶሪ ተባዝተው እንደማያውቁ በተናገርኩ ቁጥር የምሰማቸው መልሶች እነዚሁ ናቸው።

«ባክቴሪያ ከሆነ በሽታ ነው።» አይደለም። በጉ ሴሉሎስን፣ ማለትም የሣሩን ጠንካራ ጭረት፣ የሚፈታ ኢንዛይም ራሱ የለውም፤ ሣሩን ምግብ የሚያደርጉለት እነሱ ናቸው።

«ላቦራቶሪ ውስጥ ካልበቀለ ሞቷል።» ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው። ጨጓራው 39 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ፣ ኦክስጅን የማይገኝበት ጨለማ ነው፤ እዚያ ለኖረ ባክቴሪያ የእኛ አየር መርዝ ነው። አሜሪካዊው የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪ ሮበርት ሃንጌት አየር በማይገባበት ቱቦ ማባዣ ዘዴ ፈልስፎ ብዙዎቹን አሳድጓል። የቀሩት እንቢ ያሉት ደካማ ስለሆኑ አይደለም። አንዱ የሚበላው ሌላው የጣለውን ስለሆነ ለብቻው ሲነጠል ምግብ ያጣል። እንደ ወሎ ቡና ነው፤ ያለ ጎረቤት አይሆንም።

«በማይክሮስኮፕ አይቶ መለየት ይቻላል።» የሚታየው ክብ ወይም ዘንግ ነው፤ በዘር የተራራቁትም መልካቸው አንድ ሊሆን ይችላል። የሚለዩት ሁሉም በሚጋሩት፣ 1,500 ገደማ ፊደላት ባሉት የራይቦዞም (የሴሉ ፕሮቲን መሥሪያ) አርኤንኤ ጂን ነው። ተመራማሪዎቹ ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ በ1977 እ.ኤ.አ. ይህን አርኤንኤ ሲያነጻጽሩ፣ ሜቴን የተባለውን ጋዝ የሚያመርቱት ጥቃቅን ሕያዋን ለካ ከባክቴሪያ ዘር አይደሉም! ዛሬ አርኬያ ይባላሉ። በጉ የሚያገሳው ሜቴን የእነሱ ሥራ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ሃይድሮጅኑን ያቀብላሉ።

«ጂኑ ከተነበበ ዝርያው ታወቀ።» ቀስ ይባል። በዚህ ጂን 97 በመቶ መመሳሰል ለዓመታት የዝርያ ድንበር ተደርጎ ሲሠራበት የኖረ ልማድ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። በዚህ ጂን እጅግ የሚቀራረቡ ሁለት ባክቴሪያዎች ምግባቸው ሊለያይ ይችላል፤ ስለዚህ አሁን ከተደባለቀው ዲኤንኤ ቁርጥራጮችን እየገጣጠሙ ሙሉውን ጂኖም፣ ማለትም የአንዱን ባክቴሪያ ዲኤንኤ በሙሉ፣ ማንበብ ተለምዷል። ስሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በነባሩ የስያሜ ደንብ በሕይወት ተባዝቶ በሁለት አገሮች የባክቴሪያ ማከማቻዎች ያልተቀመጠ ባክቴሪያ ቋሚ ስም አያገኝም፤ «ካንዲዳቱስ» ማለትም እጩ ተብሎ ይቆያል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ደንብ ግን የጂኖሙን ንባብ ብቻ ለስያሜ ይቀበላል።

«በጠጡን መመርመር ይበቃል።» በጠጥ የሚያሳየው በአመዛኙ የኋለኛውን አንጀት ነው። የጨጓራውን የፈለገ ሰው ቄራ ሄዶ፣ በጉ እንደታረደ ወዲያው ፈርሱን ጠርሙስ ሙሉ ቀድቶ በረዶ ውስጥ ያስገባል።