ጊፍት ንጎፔ፦ ከራንድበርግ ክለብ ቤት እስከ ፒትስበርግ

ምፎ ጊፍት ንጎፔ (የተወለደው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 1990) ደቡብ አፍሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች ነው። በአሜሪካው ከፍተኛ የቤዝቦል ሊግ፣ በሜጀር ሊግ፣ ለመሰለፍ የበቃ የመጀመሪያው የአፍሪካ ልጅም እሱ ነው። «ምፎ» በሶቶ ቋንቋዎች ስጦታ ማለት ሲሆን «ጊፍት»ም ያው ስለሆነ፣ ስሙ ሁለት ጊዜ ስጦታ ነው።

የተጫዋችነት ዘመኑን ያሳለፈው ሁለገብ የውስጥ ሜዳ ተጫዋች ሆኖ ነው። እንዲህ ያለ ተጫዋች የኔ የሚለው ቦታ የለውም። ዛሬ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል ያለው ቦታ)፣ ነገ ሁለተኛ ቤዝ (ቤዝ ሯጮች የሚደርሱበት ማረፊያ ነው)፣ ከነገ ወዲያ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ይቆማል። ቋሚው ተሰላፊ ሲጎዳ ይጠራል፣ ሲያገግም ደግሞ ሻንጣውን ይዞ ወደ ታችኛው እርከን፣ ወደ ማይነር ሊግ፣ ይመለሳል። ዱላው ብዙ ባይመታም ጓንቱ፣ ማለትም ኳስ የመያዝ ችሎታው፣ አስተማማኝ ከሆነ ቡድኖች ይፈልጉታል፤ የንጎፔም እንጀራ ጓንቱ ነበር።

የተወለደው በሰሜናዊ ደቡብ አፍሪካ በምትገኘው፣ ያኔ ፒተርስበርግ ዛሬ ፖሎኳኔ በምትባለው ከተማ ነው። ያደገው ግን ጆሃንስበርግ አጠገብ ራንድበርግ ውስጥ ነው። እናቱ የራንድበርግ ሜትስ የቤዝቦል ክለብ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ልጆቿን ያሳደገችውም እዚያው ክለብ ቤት ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ከክፍሏ በር ወጣ ሲባል ሜዳው ነው። እግር ኳስ፣ ራግቢና ክሪኬት በነገሡበት አገር አንድ ጥቁር ልጅ ቤዝቦልን የዕለት ጨዋታው ያደረገው ቤቱ ሜዳው ላይ ስለነበረ ነው። ታናሽ ወንድሙ ቪክቶርም የዚያው ሜዳ ልጅ ሲሆን፣ ኋላ እሱም እንደ ወንድሙ ለሜጀር ሊጉ ክለብ ለፒትስበርግ ፓይሬትስ ፈርሟል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሜጀር ሊጉ ጣሊያን ውስጥ ያካሂደው በነበረው አካዳሚ ሠለጠነ። እዚያ ካገኛቸው አሰልጣኞች አንዱ የሲንሲናቲ ሬድስ የቀድሞ ሾርትስቶፕ ባሪ ላርኪን ነበር። በዚያው ዓመት ከፓይሬትስ ጋር ተፈራረመ፤ ከሜጀር ሊግ ክለብ ጋር ውል የተፈራረመ የመጀመሪያው ጥቁር ደቡብ አፍሪካዊ ሆነ። በ2009 የዓለም ቤዝቦል ክላሲክ በተባለው የአገሮች ውድድር ለአገሩ ተሰልፏል።

ከዚያ በኋላ የማይነር ሊግ ዓመታት ተከተሉ፦ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ብራደንተን፣ አልቱና፣ ኢንዲያናፖሊስ። መጀመሪያ በቀኝም በግራም ይመታ የነበረው ተጫዋች ኋላ በቀኝ ብቻ መምታት ጀመረ። በ2013 እናቱን በሞት አጣ።

በኤፕሪል 2017 የፓይሬትስ አሰላለፍ ተናጋ። ስታርሊንግ ማርቴ በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት ለ80 ጨዋታ ታገደ፣ ጁንግ ሆ ካንግ ቪዛ አጥቶ ደቡብ ኮሪያ ቀረ፣ ሌሎችም ተጎዱ። ክለቡ ኤፕሪል 24 ቀን ሊትዌኒያዊውን ወርዋሪ ዶቪዳስ ኔቬራውስካስን ለመጀመሪያ ጊዜ አሰለፈ፤ በሜጀር ሊግ ከሊትዌኒያ ተወልዶ ያደገ ሰው ሲጫወት ያ የመጀመሪያው ነበር። የንጎፔ ተራ የደረሰው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ኤፕሪል 26 ቀን፣ በፒትስበርግ ፒኤንሲ ፓርክ፣ ተጋጣሚው የ2016 ሻምፒዮን ቺካጎ ከብስ ነበር። በአራተኛው ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) አሰልጣኝ ክሊንት ኸርድል ወርዋሪውንና አንድ የሜዳ ተጫዋች በአንድ ላይ ሲቀይር ንጎፔ ተጠርቶ ገባ። ኳስ ተቀባዩ ፍራንሲስኮ ሰርቬሊ መወርወሪያው ጉብታ ላይ እቅፍ አድርጎ ተቀበለው። ፓይሬትስ ለመምታት ተራቸው ሲደርስ ንጎፔ ዱላውን ይዞ ቆመ። ፊት ለፊቱ ያለው ጆን ሌስተር ነው፤ ከብስን ለዋንጫ ካበቁት ወርዋሪዎች አንዱ። ኳሷ ከዱላው ተነሥታ በመሐል አልፋ ወደ ውጪኛው ሜዳ ወጣች፤ ንጎፔም ወደ አንደኛ ቤዝ ሮጦ ደረሰ። በሕይወቱ በመጀመሪያው የሜጀር ሊግ ዕድል መታ ማለት ነው። ፓይሬትስ 6 ለ 5 አሸነፉ። አህጉሩ ከመቶ ዓመት በላይ በዚህ ሊግ ተወካይ ላልነበረው ሰው፣ ያ ምት ተራ ሲንግል (አንደኛ ቤዝ ብቻ የሚያደርስ ምት) አልነበረም።

በዚያ ዓመት 28 ጨዋታ ተሰልፎ የመምታት አማካዩ .222 ሆነ፤ ከመቶ ሙከራ 22 ያህሉ ተሳካለት ማለት ነው። በኖቬምበር ወደ ቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ተላለፈ፤ በ2018 በ13 ጨዋታ 18 ጊዜ ለመምታት ቆሞ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳካለት። በድምሩ 41 ጨዋታ፣ አማካይ .181። ቁጥሩ ዝቅተኛ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ይህን ሰው በአማካይ ብቻ መመዘን፣ ግብ ጠባቂን ባስቆጠረው ግብ እንደመመዘን ነው። ማይነር ሊግ ለዓመታት ያቆየው፣ ኸርድልም ሻምፒዮኖቹ ፊት ያቆመው ጓንቱን አምኖ ነው።

«የመጀመሪያው» የሚለውን ማዕረግ የሚከራከሩበት አሉ። የካናሪ ደሴቶች ተወላጅ የሆነው አልፍሬዶ ካብሬራ በ1913 ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ አንድ ጨዋታ በሾርትስቶፕ ተሰልፎ ነበር። በካርታ ካየነው ደሴቶቹ ለአፍሪካ ጠረፍ ይቀርባሉ፤ ግን የስፔን ግዛት ናቸው፣ ካብሬራንም እንደ አፍሪካዊ የሚቆጥሩት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ቀዳሚነቱ የንጎፔ ነው።

ሁለተኛው ደቡብ አፍሪካዊ ወርዋሪው ቴይለር ስኮት ሲሆን፣ በጁን 2019 ለሲያትል ማሪነርስ ተሰለፈ።