ቮልቴጅን መረዳትና መለካት

ቮልቴጅ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ የኤሌክትሪክ ግፊት ልዩነት ነው። ዋናው ነገር “በሁለት ነጥቦች መካከል” የሚለው ነው። የአንድ ሽቦ ቮልቴጅ ስንት ነው ሲባል፣ ከየትኛው ሽቦ ጋር ተለክቶ የሚል ጥያቄ ይከተላል። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ ቧንቧው ቢዘጋም ውሃውን ይገፋል። ሶኬት ላይም ምንም ባይሰካ ቮልቴጁ አለ። የሚፈሰው ከረንት ነው፤ የሚለካውም በአምፔር ነው።

ቮልት የሚለው መለኪያ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ ይፋ ባደረገው ጣሊያናዊ በአሌሳንድሮ ቮልታ ነው። አንድ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት፣ የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ይሰጣል። የኢትዮጵያ ቤቶች 220፣ በሦስት ፌዝ (ኤሌክትሪኩን በሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች) የሚሠሩ ማሽኖች 380 ቮልት ይጠቀማሉ። ከህዳሴ ግድብ ወደ ሆለታ የሚመጣው መስመር 500 ሺህ ቮልት ነው። አሜሪካ ቤት ውስጥ ግን 120 ነው። ስለዚህ ዘመድ ከዚያ ያመጣውን ዕቃ ከመሰካት በፊት ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል። “100-240” ካለ ችግር የለም። “120” ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር ይቃጠላል።

የሚለካው በሙልቲሜትር ነው፤ ብዙ ሰው ቴስተር ይለዋል። ፌዝ ሲነካ የሚበራው ጠመንጃ መፍቻ ኤሌክትሪክ መኖሩን እንጂ መጠኑን አይናገርም። ጥቁሩ ገመድ “ኮም” የተባለው ቀዳዳ ላይ፣ ቀዩ የቮልት ቀዳዳ ላይ ይሰካል። ቀዩን አምፔር ቀዳዳ ላይ ረስቶ ሶኬት መንካት ሾርት ያደርጋል፤ በጣም አደገኛ ነው። ለሶኬት ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ)፣ ለባትሪ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ) ይመረጣል። ሶኬት በዲሲ ሲለካ ዜሮ አካባቢ ስለሚያሳይ ሰው መብራት የለም ብሎ ሽቦ ሊነካ ይችላል። የገመዶቹን የብረት ጫፍ በጣት መንካት ፈጽሞ አይገባም።

እኔ ከሁሉ በላይ የምመክረው ዕቃው እየሠራ መለካትን ነው። ምጣድ እንውሰድ። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ፣ የምጣዱ ሙቀት ወደ ሁለት ሦስተኛ ግድም ይወርዳል። እንጀራው ዓይን አላወጣም ተብሎ ሊጡ ወይም ምጣዱ ይወቀሳል። ምጣዱ ሲጠፋ 220፣ ሲበራ 180 ካሳየ የቤቱ ሽቦ ቀጭን ወይም ማያያዣው የላላ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ነገር ጠፍቶም 180 ከሆነ ግን ችግሩ ከውጭ ከሚመጣው መስመር ነው። ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዕቃ) ለመግዛት ከመሮጥ በፊት ይህን መለየት ገንዘብ ያድናል።

ከቮልቴጅ ማነስ የሚብሰው የኒውትራል፣ ማለትም ከረንቱ የሚመለስበት ሽቦ፣ መበጠስ ነው። በሦስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራሉ ሲበጠስ አንዱ ቤት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሌላው ጋ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። አምፖሉ ድንገት ከወትሮው በላይ ከደመቀ ለመለካት ጊዜ አይባክንም፤ ወዲያው ብሬከር ይጠፋል።