የጋራ ላይብረሪዎች አቀማመጥ በመልቲሚዲያ ሶፍትዌር ስርጭት

የጋራ ላይብረሪ ከፕሮግራሙ ጋር ያልተቀላቀለ፣ ለብቻው ፋይል ሆኖ ተቀምጦ ፕሮግራሙ ሲነሳ ወይም ሲያስፈልገው የሚጠራው ኮድ ነው። የፋይሉ ስም በዊንዶውስ «.ዲኤልኤል»፣ በሊኑክስና በአንድሮይድ «.ኤስኦ»፣ በማክ «.ዳይሊብ» ብሎ ይጨርሳል። የቪዲዮ ማጫወቻ፣ የድምፅ ማቀናበሪያ ወይም የቀጥታ ስርጭት ሶፍትዌር የሚያሰራጭ ሰው ከዋናው ፕሮግራም ይልቅ በእነዚህ ፋይሎች ይቸገራል። ቁጥራቸው ብዙ ነው፣ እርስ በርስ ይፈላለጋሉ፣ ቨርዥናቸውም ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ኤፍኤፍኤምፔግ 7ን (ቪዲዮና ድምፅ የሚያምቅና የሚፈታ የላይብረሪዎች ስብስብ) ብንወስድ ኤቪፎርማት-61 ኤቪኮዴክ-61ን ይፈልጋል፣ ኤቪኮዴክ-61 ደግሞ በተራው ኤቪዩቲል-59ን። በኤፍኤፍኤምፔግ 4 ጊዜ ኤቪኮዴክ 58፣ ኤቪዩቲል 56 ነበሩ። ቁጥሩ ስሙ ላይ የተለጠፈው በምክንያት ነው፤ 58ን ፈልጎ ለተሠራ ፕሮግራም የ61ን ፋይል ስሙን ቀይረው ቢሰጡት ወይ አይነሳም፣ ወይ ቪዲዮ ሲከፈትለት ይወድቃል።

ታዲያ ሁሉንም አንድ ፋይል ውስጥ አዋህዶ መገላገል ለምን አይሆንም? ይቻላል፤ ግን ፈቃዱ ይመጣል። ኤፍኤፍኤምፔግ በመደበኛ አገነባቡ ኤልጂፒኤል 2.1 የሚባል የክፍት ኮድ ፈቃድ አለው፤ ተጠቃሚው ላይብረሪውን እሱ ባሻሻለው ቨርዥን መተካት እንዲችል ይጠይቃል። ኮዱን ለማይከፍት ሶፍትዌር ይህን የሚያሟላው ቀላሉ መንገድ ላይብረሪውን ለብቻው ፋይል አድርጎ መተው ነው። ኤክስ264 (የቪዲዮ ማመቂያ) ተጨምሮበት ከተገነባ ፈቃዱ የፕሮግራሙም ኮድ እንዲከፈት ወደሚጠይቀው ጂፒኤል ይለወጣል። «ነንፍሪ» በሚለው አማራጭ የተገነባውን ደግሞ ጭራሽ ማሰራጨት አይፈቀድም። ከኢንተርኔት የወረደ ዝግጁ ፋይል ፎልደር ውስጥ ከመግባቱ በፊት በምን አማራጮች እንደተገነባ መታየት ያለበት ለዚህ ነው።

አጭሩ ደንብ ይህ ነው፦ ላይብረሪው ከፕሮግራሙ ጎን ወይም በፕሮግራሙ ጥቅል ውስጥ ይቀመጣል፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፎልደር ውስጥ አይገባም። ከዚህ የሚለየው የሊኑክስ ስርጭቱ (እንደ ኡቡንቱ ያለው) ራሱ ላይብረሪውን በፓኬጅ ሲያቀርብ ብቻ ነው። ዝርዝሩ ግን እንደየሲስተሙ ይለያያል፣ ብልሽቱም የሚመጣው ከዝርዝሩ ነው።

በዊንዶውስ

ዊንዶውስ አንድ ዲኤልኤል ሲፈለግበት፣ በዚያ ስም ቀድሞ የተጠራ ከሌለና ከታወቁት የሲስተም ዲኤልኤሎች አንዱ ካልሆነ፣ መጀመሪያ የሚያየው ፕሮግራሙ ያለበትን ፎልደር ነው። ቀጥሎ ሲስተም32ን፣ የድሮውን የ16 ቢት ሲስተም ፎልደር፣ የዊንዶውስን ፎልደር፣ የወቅቱን የሥራ ፎልደር፣ በመጨረሻም «ፓዝ» በተባለው የሲስተም ተለዋዋጭ ላይ የተዘረዘሩትን ያያል። የሥራ ፎልደሩ ወደ ኋላ የተገፋው ከኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 2 (እ.ኤ.አ. 2004) ጀምሮ ነው። ፍላሽ ላይ ያለ ቪዲዮ ሁለት ጊዜ ተጭኖ ሲከፈት የሥራ ፎልደሩ ያው ፍላሽ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ አንድ ተንኮለኛ ዲኤልኤል ከቪዲዮው ጎን ከተቀመጠ ማጫወቻው ሳያውቅ ሊያስነሳው ይችል ነበር። ዛሬም ቢሆን ሌላ ቦታ ያልተገኘ ዲኤልኤል እዚያ ይፈለጋል። «ባይኖርም ችግር የለውም» ተብሎ የሚተው አማራጭ ዲኤልኤል አደጋ የሚሆነው በዚህ በኩል ነው።

ንዑስ ፎልደር አይታይም። ፕሮግራሙን አንድ ቦታ አድርጎ ላይብረሪዎቹን «ሊብ» የሚል ፎልደር ውስጥ መክተት ለዓይን ያምራል፤ ዊንዶውስ ግን ገብቶ አይፈልግም። የግድ መለየት ካስፈለገ ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ «ሴትዲኤልኤልዳይሬክተሪ» በተባለው ጥሪ ፎልደሩን ማስመዝገብና ላይብረሪዎቹ ዘግይተው እንዲጠሩ አድርጎ መገንባት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ድካም ስምንት ፋይል ከዓይን ለመሸሸግ ከሆነ አያዋጣም።

ሲስተም32 ውስጥ መገልበጥ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተለመደ ነበር። አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ፋይል በአሮጌ ቨርዥን ይተካና ትናንት ሲሠራ የነበረው ዛሬ ይቆማል፤ አንዱ ሲራገፍ የሌላውን ይዞ ይሄዳል። የ64 ቢት ዊንዶውስ የፎልደር ስም ደግሞ ያሳስታል፤ ባለ 64 ቢቶቹ ሲስተም32 ውስጥ፣ ባለ 32 ቢቶቹ ሲስዋው64 ውስጥ ናቸው። በእጁ የሚገለብጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ቦታቸውን አቀያይሮ ያስቀምጣቸዋል።

ሲበላሽ የሚወጣው መልእክት መንስኤውን የሚናገረው በግማሽ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ 0ኤክስሲ000007ቢ የሚል ቁጥር ከወጣ ብዙውን ጊዜ 32ና 64 ቢት ተቀላቅሏል ማለት ነው። ፕሮግራሙ ላይብረሪውን ራሱ ጠርቶ ከሆነ ያው ችግር ስህተት 193 ሆኖ ይመጣል። ሰው የሚያደክመው ስህተት 126 ነው፤ «የተጠቀሰው ሞጁል አልተገኘም» ይላል፣ ፋይሉ ግን ዓይን ፊት ተቀምጧል። የጠፋው እሱ ሳይሆን እሱ የሚፈልገው ሌላ ፋይል ነው። ኤቪፎርማት-61 ኖሮ ኤቪዩቲል-59 ከሌለ የሚወጣው ይህ ነው። «ደምፕቢን» በሚባለው መሣሪያ እያንዳንዱ ዲኤልኤል የሚፈልገውን ዘርዝሮ ማየት ይቻላል፤ ዝርዝሩን አንድ ደረጃ አይቶ መተው ግን አይበቃም፣ እስከ ሥሩ መውረድ ነው። በሚንጂደብሊው (የዊንዶውስ ፕሮግራም መገንቢያ መሣሪያ) የተገነባ ከሆነ ሊብጂሲሲ እና ሊብዊንፒትሬድ አብረው ሊያስፈልጉ ይችላሉ። በቪዥዋል ስቱዲዮ ከተገነባ ቪሲሩንታይም140 እና ኤምኤስቪሲፒ140 ይፈለጋሉ። እነዚህን የያዘውን የማይክሮሶፍት መጫኛ ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ መስጠት ይሻላል። «ከድረ ገጹ አውርድ» የሚል መጫኛ ኢንተርኔት በሌለበት ማሽን ላይ ዋጋ የለውም፤ ሶፍትዌር ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ በሚዞርበት አገር ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም።

በሊኑክስ

በሊኑክስ ስርጭቱ ያቀረበው ላይብረሪ «/ዩኤስአር/ሊብ» ሥር ነው። በደቢያንና በኡቡንቱ ውስጡ በፕሮሰሰሩ ዓይነት ይከፈላል፤ በፌዶራ ባለ 64 ቢቱ «ሊብ64» ይባላል። ያ ቦታ የፓኬጅ አስተዳዳሪው ነው፣ ሌላ ሰው አይነካውም። የማሽኑ ባለቤት በእጁ ገንብቶ የሚያስገባው «/ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ» ውስጥ ሲሆን ከዚያ በኋላ «ኤልዲኮንፊግ» ካልተጠራ ፋይሉ እያለ «የለም» ሊባል ይችላል፤ ሎደሩ (ላይብረሪዎቹን ፈልጎ የሚያስነሳው የሲስተሙ ክፍል) የሚያየው የተጠራቀመውን ማውጫ ነውና። ሙሉ ጥቅል ሆኖ የሚመጣ የሦስተኛ ወገን ሶፍትዌር «/ኦፒቲ» ሥር የራሱን ፎልደር ይይዛል።

ተንቀሳቃሽ ጥቅል የሚያዘጋጅ ሰው ፕሮግራሙን «ቢን»፣ ላይብረሪዎቹን «ሊብ» ውስጥ ያደርግና ፕሮግራሙ ላይ «$ኦሪጅን/../ሊብ» የሚል የፍለጋ መንገድ ይጽፋል። $ኦሪጅን ፋይሉ ራሱ ያለበት ቦታ ማለት ስለሆነ ጥቅሉ የትም ቢዛወር ይሠራል። እዚህ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ሼሉ (ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) ነው፤ ትእዛዙ ሲጻፍ $ኦሪጅን በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ካልታጠረ ሼሉ ባዶ ቃል አድርጎት መንገዱ «/../ሊብ» ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው ይብሳል። መንገዱ በአሁኑ ዘመን የሚጻፈው «ራንፓዝ» በሚባለው መልክ ነው፤ ይህ የሚያገለግለው ፋይሉ በቀጥታ ለሚፈልጋቸው ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ኤቪፎርማትን ያገኛል፣ ኤቪፎርማት ግን ኤቪኮዴክን ሲፈልግ የፕሮግራሙ መንገድ አይረዳውም። ስለዚህ በ«ፓችኤልፍ» እያንዳንዱ ላይብረሪ ላይ ለየብቻ «$ኦሪጅን» ይጻፋል። «ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ» በተባለው ተለዋዋጭ መሸፋፈን ለሙከራ ጥሩ ነው፤ ማስነሻ ስክሪፕት ውስጥ ቋሚ ሲሆን ግን ማጫወቻው የሚያስነሳቸው ሌሎች ፕሮግራሞችም ይወርሱትና እነሱ ይበላሻሉ።

ሁሉም ነገር አይጠቀለልም። ጂሊብሲ (የሊኑክስ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ)፣ የግራፊክስ ሾፌሩ ላይብረሪ ሊብጂኤል እና የድምፁ ሊብኤሳውንድ ከተጠቃሚው ማሽን ነው የሚወሰዱት። ሊብኤሳውንድ የማሽኑን የአልሳ (የሊኑክስ የድምፅ ሥርዓት) ቅንብርና ተሰኪዎች (ፕለጊኖች) ስለሚያነብ ከጥቅሉ የመጣው ከማሽኑ ጋር ካልተስማማ ምስሉ እየሄደ ድምፅ የለም። ጂሊብሲን በተመለከተ መፍትሔው አሮጌ ስርጭት ላይ መገንባት ነው፤ ኡቡንቱ 22.04 ላይ (ጂሊብሲ 2.35) የተገነባ ፕሮግራም ኡቡንቱ 20.04 ላይ (2.31) «2.34 አልተገኘም» ብሎ ሊቆም ይችላል፣ የተገላቢጦሹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

የፍላሽ ነገር እዚህም አለ። ሊኑክስ ላይ «ሊብኤቪኮዴክ.ኤስኦ.61» ብዙ ጊዜ ወደ ሙሉ ቨርዥኑ ፋይል የሚጠቁም ሲምሊንክ ነው። ፍላሾች የሚቀረጹበት ፋት32ም ሆነ ኤክስፋት ሲምሊንክ አያውቁም፤ ሲገለበጥ ወይ ይጠፋል፣ ወይ ያው ፋይል ሁለት ሦስት ጊዜ ይባዛል። ጥቅሉን በታር ማሰር ወይም ከነጭራሹ ሎደሩ የሚፈልገውን ባለ «.61» ስም ብቻ እውነተኛ ፋይል አድርጎ መስጠት ይገላግላል።

ተሰኪዎች

ቪኤልሲን ወይም ጂስትሪመርን መሠረት ያደረገ ሶፍትዌር ከላይብረሪዎቹ ሌላ የተሰኪዎች ፎልደር አለው፤ ይህን የሚፈልገው ሎደሩ ሳይሆን ዋናው ላይብረሪ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሊብቪኤልሲ እና ሊብቪኤልሲኮር ከፕሮግራሙ ጎን፣ «ፕለጊንስ» የሚለው ፎልደር ደግሞ ከነንዑስ ፎልደሮቹ ከእነሱ ጎን ይሆናል። ፎልደሩ ከተረሳ ሊብቪኤልሲ ይነሳል፣ የመጀመሪያው ጥሪ ግን ባዶ ይመልሳል፤ ያንን ሳያረጋግጥ የሚቀጥል ፕሮግራም እዚያው ይወድቃል። ጂስትሪመር ተሰኪዎቹን ቃኝቶ በተጠቃሚው የካሽ ፎልደር መዝገብ ይይዛል። የራሱን የያዘ ጥቅል የሲስተሙን መንገድ የሚተካውን ተለዋዋጭ ማስተካከል አለበት፤ ተጨማሪ መንገድ ብቻ ከሰጠ የማሽኑና የጥቅሉ ተሰኪዎች ይደባለቃሉ። «ጂስት-ኢንስፔክት» በ«-ቢ» ሲጠራ ሊነሱ ያልቻሉትን ተሰኪዎች ይዘረዝራል።

በማክና በአንድሮይድ

ማክ ላይ ቦታው አንድ ነው፤ በአፑ ጥቅል ውስጥ «ኮንቴንትስ/ፍሬምወርክስ»። «/ዩኤስአር/ሊብ» ከኤል ካፒታን (እ.ኤ.አ. 2015) ወዲህ ለመጻፍ ዝግ ነው። ዳይሊብ የት እንደሚኖር በራሱ ውስጥ ተጽፎ ስለሚገኝ ከሆምብሩ (የማክ ፓኬጅ አስተዳዳሪ) የተወሰደው አብዛኛውን ጊዜ «/ኦፒቲ/ሆምብሩ» የሚል አድራሻ ይዞ ይመጣል። በአዘጋጁ ማሽን ላይ ይሠራል፣ ሌላው ጋ አይከፈትም። በ«ኦቱል» አድራሻዎቹ ይታያሉ፣ በ«ኢንስቶል ኔም ቱል» ወደ «@አርፓዝ» ይቀየራሉ። ይህ ለውጥ የፋይሉን ፊርማ ያፈርሳል፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ መጀመሪያ ላይብረሪዎቹ፣ ከዚያ አፑ እንደገና ይፈረማሉ። ፊርማው ካልታደሰ የአፕል ፕሮሰሰር ባለው ማክ ላይ ፕሮግራሙ ያለ ማብራሪያ ይገደላል።

አንድሮይድ ላይ ፋይሎቹ በኤፒኬው (የአፑ መጫኛ ፋይል) ውስጥ «ሊብ» ሥር በፕሮሰሰር ዓይነት ይደረደራሉ፤ ስማቸው «ሊብ» ብሎ ይጀምራል። ስልኩ ሲጭን የሚመርጠው አንዱን ፎልደር ብቻ ነው። ኤቪኮዴክ በ32ም በ64ም ቢት ኖሮ ሌላው ላይብረሪ በ32 ብቻ ከሆነ፣ ባለ 64 ቢቱ ስልክ ጎዶሎውን ፎልደር መርጦ አፑ ሲከፈት ይዘጋል። ጎግል ፕሌይ ከነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለ 64 ቢቱን ስለሚያስገድድ ሁለቱንም አሟልቶ መገንባት ነው።

ሙከራ

ጥቅሉ የሚሞከረው መገንቢያ መሣሪያ ተጭኖበት በማያውቅ ማሽን ወይም አዲስ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ነው፤ የአዘጋጁ ማሽን የጎደለውን ሁሉ ከሌላ ቦታ ስለሚያሟላ ምስክር አይሆንም። በአማርኛ ለሚጠቀሙ ሰዎች አንድ ሙከራ ይጨመራል፦ ጥቅሉን «ሙዚቃ ማጫወቻ» የሚል ፎልደር ውስጥ አስቀምጦ ማስነሳት። ዊንዶውስ ለአማርኛ የድሮው ዓይነት ኮድ ፔጅ (የፊደላት ኮድ ሰንጠረዥ) የለውም፤ ላይብረሪውን ወይም የተሰኪውን ፎልደር በድሮዎቹ ጥሪዎች የሚከፍት ፕሮግራም ፊደሎቹን ወደ ጥያቄ ምልክት ቀይሮ «አልተገኘም» ይላል። ማስተካከያው ዩኒኮድ ጥሪዎችን መጠቀም ነው፤ ከዊንዶውስ 10 ቨርዥን 1903 ጀምሮ ደግሞ በፕሮግራሙ ማኒፌስት ዩቲኤፍ-8ን ማወጅ ይቻላል። የተጠቃሚው ስም በአማርኛ የተጻፈበት ኮምፒውተር ላይም ያው ችግር ይመጣል፤ የካሽ ፎልደሩ ራሱ በዚያ ስም ሥር ነው።