የትግል ሬድዮ ምንድን ነው? መከለሻውና ቁሌቱ

ሰሞኑን ስለ ደቡብ አፍሪካ የነጻነት ትግል በተካሄደ ውይይት ላይ አንድ አስተያየት ሰጪ የትግል ሬድዮን ፕሮፓጋንዳ በዘፈን እያጣፈጠ የሚያቀርብ ጣቢያ አድርገው ሲተረጉሙት አዳመጥኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ባለፍኩት ነበር፤ ነገር ግን ይህ ፍቺ ጆሮዬ ሲደርስ ስንተኛው እንደሆነ መቁጠር አቅቶኛል፤ የቆዩ የሬድዮ ቅጂዎችን ከቴፕ ወደ ዲጂታል በመገልበጥ ሥራ ላይ ዓመታት ላሳለፈ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ እየከበደ ይሄዳል።

ስሕተቱ ያለው «ማጣፈጥ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ወጥ የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው መከለሻ የሚነሰነሰው ወጡ ከበሰለ በኋላ፣ ሊወጣ ሲል ነው፤ ቢረሳም ጣዕሙ ይጎድል እንደሆነ እንጂ ወጥ መሆኑ አይቀርም። ቁሌት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሽንኩርቱና በርበሬው በወጉ ካልተቁላላ በድስቱ ውስጥ ያለው ሥጋ ቅቅል ሆኖ ይቀራል። በትግል ሬድዮ ውስጥ ዜማውና ግጥሙ ቁሌቱ ሲሆኑ፣ ዜናውና ሐተታው በላዩ የሚገባ ሥጋ ናቸው። ሥጋ በታጣ ቀን በዚያው ቁሌት ላይ ሽሮ እንደሚሠራ ሁሉ፣ ዜና በታጣ ቀንም ዘፈኑ ፕሮግራሙን ብቻውን ሊሸከም ይችላል። ዘፈኑ ተነሥቶ ዜናው ብቻ ቢቀር ግን የሚሰማው ከየትኛውም የውጭ ጣቢያ ሊሰማ የሚችል ንባብ ነው።

አስተያየት ሰጪው የጠቀሱት አፓርታይድን ይታገል የነበረው የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኤ.ኤን.ሲ.) ጣቢያ፣ የደቡብ አፍሪካው ሬድዮ ፍሪደም ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1963 የድርጅቱ መሪ ዋልተር ሲሱሉ በድብቅ ማሰራጫ ለሕዝባቸው ሲናገሩ፣ ያሉት እዚያው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ መሆኑንና ከአገር የመውጣት ሐሳብ እንደሌላቸው አስታወቁ፤ ገና ወር ሳይሞላ ፖሊስ በሪቮንያ የሚገኘውን የሊሊስሊፍ እርሻ ወርሮ ያዛቸው። ከዚያ በኋላ ጣቢያው በስደት የሚኖር ሆነ፤ የታንዛኒያ፣ የዛምቢያ፣ የአንጎላ፣ የማዳጋስካርና የአገራችን ማሰራጫዎች በየተራ የአየር ሰዓት ሰጡት። (ከአዲስ አበባም ይተላለፍ እንደነበር ሲነገራቸው የሚደነቁ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል።) ስርጭቱ የሚከፈተው በክላሽንኮቭ ተኩስ ነበር፤ ተከትሎም «አማንድላ!» የሚል ጥሪና «ንጋዌቱ!» የሚል የብዙ ሰው ምላሽ ይመጣል፤ ኃይል የእኛ ነው እንደ ማለት ነው። አዝማሪ «ተቀበል!» ሲል ሰምቶ የሚያውቅ አድማጭ ይህ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። ተቀባይ የሌለው ግጥም ለአዝማሪም ለታጋይም ባዶ ነው፤ ያንን ጣቢያ ማዳመጥ እስከ 8 ዓመት እስራት ሊያስፈርድበት የሚችል ሰው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን ከሬድዮው ጋር አጣብቆ፣ ምላሹን በልቡ ይሰጣል። ዜና ብቻውን ይህን አያስደርግም፤ ዜና አዳማጭ እንጂ ተቀባይ አይፈልግምና።

አሁን ደግሞ ሳልጠየቅ ወደ ሙያዬ ልግባ፤ ያለ እርሱ ነገሩ ግማሽ ይሆናል። የስደት ጣቢያዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት አጭር ሞገድን ነው። አጭር ሞገድ በሺህ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ርቀት የሚጓዘው ከላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ላይ እየነጠረ ስለሆነ፣ ድምፁ ይመጣል፣ ይደክማል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል፤ ጥራቱንም ካነሣን ከ4.5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ አብዛኛው ተቆርጦ ይቀራል። በዚህ ላይ የአፓርታይድ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የኤፍ ኤም አውታር ሲዘረጋ፣ ጥቁሩ አድማጭ ኤፍ ኤም ብቻ የሚይዝ ሬድዮ ገዝቶ ከአጭር ሞገድ እንዲርቅ ታስቦ ነው የሚል ክስ በጊዜው ቀርቦበታል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ንባብ ሲቆራረጥ ተናባቢዎቹ፣ በተለይ «ሰ» እና «ፈ»ን የመሳሰሉት፣ ቀድመው ስለሚጠፉ ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል፤ የታወቀ ዜማ ሲቆራረጥ ግን ጆሮ የጎደለውን ከራሱ ይሞላል። በእጄ ካለፉት ቅጂዎች በአንዱ ላይ ተኩሱ ሲጀምር የድምፅ መለኪያው መርፌ ቀዩን መስመር አልፎ ጥግ ይመታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ንግግር በሹክሹክታና በጩኸት መካከል ሲዋልል ከሦስት ቃል አንዱን ለመያዝ እንኳ ወደ ኋላ እየመለስኩ መስማት ነበረብኝ፤ መዘምራኑ ሲገቡ ግን በዚያው በተበላሸ ቴፕ ላይ ዜማውን ቋንቋውን ሳላውቅ አብሬ ለማንጎራጎር ሁለት ጊዜ መስማት በቃኝ። የሞገዱን ቁልፍ በጨለማ እያሽከረከረ ጣቢያውን ለሚፈልግ ሰውም «አገኘሁት» የሚያሰኘው የመክፈቻው ድምፅ ነው፤ የአንባቢው ስም አይደለም። በአሁኑ ጊዜ ጥርት ብለው የሚሰሙት ቅጂዎች በአብዛኛው ከስቱዲዮ የተገኙ ስለሆኑ፣ በእነርሱ ላይ ተመሥርቶ አድማጩ ምን ሰማ ብሎ መፍረድ እንደማይቻልም በዚሁ ላሳስብ።

ዘፈኑ ራሱ ዜና የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በኤል ሳልቫዶር እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1981 ጀምሮ ከሞራሳን ተራሮች ይተላለፍ የነበረው የሽምቅ ተዋጊዎቹ ጣቢያ ሬድዮ ቬንሴሬሞስ ቶሮጎሴስ ደ ሞራሳን የሚባሉ የገበሬ ሙዚቀኞች ነበሩት፤ እነዚህ ሰዎች የተደረገውን ውጊያና የወደቀውን ጓድ ታሪክ በግጥም እያስቀመጡ በጊታር ይዘፍኑት ነበር። ማንበብ ለማይችል ገበሬ ያ ዘፈን ጋዜጣው ነው፤ ተሸምድዶ ከመንደር መንደር ስለሚዞርም ሬድዮ የሌለው ቤት ሳይቀር ይደርሳል። አስተያየት ሰጪው ይህንን ምን ብለው እንደሚመድቡት ብጠይቃቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ሥጋውና ቁሌቱ አንድ ላይ የበሰለበትን ወጥ መከለሻ ማለት አይቻልማ።

ማጣፈጫ ነው የሚለው አስተሳሰብ ሌላም ጥፋት ያስከትላል፤ ዘፈን መከለሻ ከሆነ መከለሻ የነሰነሰ ሁሉ የትግል ሬድዮ ሊባል ነው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ የብስራተ ወንጌልን ጣቢያ ወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ብሎ ሰይሞታል፤ አብዮታዊ መዝሙርና ቀስቃሽ ግጥም በዚያ ዘመን የመንግሥት ሬድዮ ላይ በሽ በሽ ነበር። ይሁን እንጂ ያን ጣቢያ የሚያዳምጥ ሰው ድምፁን አይቀንስም ነበር፤ እንዲያውም ከፍ ቢያደርገው ይሻለዋል። ድምፅ የሚቀነሰው የበረሃው ጣቢያ ሲከፈት ነው። እኔ ቃሉን የምጠቀመው ሥልጣን ላይ ካለ ኃይል ተቃራኒ ለቆመ፣ ማዳመጡ ራሱ ድርጊት ለሚሆንበት ጣቢያ ብቻ ነው።

ይህን ስል ቃሉ የሙገሳ ስም አይደለም። የትግል ጣቢያዎች ድልን ያጋንናሉ፣ ሽንፈትን ይሸሽጋሉ፤ ቁሌቱም የሚገባበትን አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ1993 የተከፈተው በቱትሲዎች ላይ የዘር ጭፍጨፋ የቀሰቀሰው የሩዋንዳው ሬድዮ ጣቢያ ኤር ቴ ኤል ኤም፣ የትግል ሬድዮ ባልለውም፣ አድማጩን የሰበሰበው ተወዳጅ ዘፈን በማጫወትና በሳቅ በጨዋታ ነበር፤ ዘፈኖቹ በጣቢያው ይተላለፉ የነበሩት ዘፋኙ ሲሞን ቢኪንዲ ኋላ የሩዋንዳን ጭፍጨፋ ባየው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት 15 ዓመት ቢፈረድበትም፣ የተፈረደበት በመኪና ላይ በተጫነ የድምፅ ማጉያ ለተናገረው ቅስቀሳ እንጂ ለዘፈኖቹ አልነበረም። ዳኞቹ እንኳ ዘፈን ምን እንደሚሠራ በሕግ ቃል ለመለካት ብዙ ገጽ ፈጅቶባቸዋል።

ለመሆኑ ይህ የማጣፈጫ ነገር ከየት መጣ? ግምቴን ልናገር። ከእነዚህ ስርጭቶች ለተመራማሪ በብዛት የተረፈው ቴፕ ሳይሆን የውጭ መንግሥታት አድማጭ ክፍሎች የተየቡት ወረቀት ነው። እነርሱ የሚፈልጉት መግለጫውንና ዛቻውን ስለነበር ንግግሩን ያስቀምጡና ዘፈኑን በአመዛኙ ይዘሉታል። ያንን ወረቀት ብቻ ያነበበ ሰው አሥር ደቂቃ የተዘፈነበት ቦታ ላይ የሚያገኘው አንድ ባዶ መስመር ነው።