ከቆሻሻ መድፊያ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ፦ የብክለትን መንገድ መከታተል

የቆሻሻ ክምር ላይ ከሚወርደው ዝናብ ከፊሉ በላዩ ይፈሳል፣ ከፊሉ ይተናል፣ የቀረው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሲሰርግ የሚሟሟውን ሁሉ አጥቦ ጠቆር ያለና የሚከረፋ ፈሳሽ ሆኖ ከሥር ይወጣል፤ ባለሙያዎች ሊቼት ይሉታል። የሊቼትን ጉዞ መከታተል የኬሚስትሪ ሥራ ብቻ ይመስላል። ከባዱ ግን ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነው። አቅጣጫው ከተሳተ የላቦራቶሪ ውጤቱ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ያሳስታል።

የሊቼቱ ጠባይ በክምሩ ዕድሜ ይለያያል። አዲስ ክምር አሲዳማ ሊቼት ይሰጣል፤ በቀላሉ የሚበሰብስ ነገርና የሟሟ ብረታ ብረት ይበዛበታል። ሚቴን አምጪ ባክቴሪያዎች ሲበረቱ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ7 በላይ ይወጣል፣ ብዙዎቹ ብረቶችም ይቀንሳሉ፤ አሞኒያ ግን ለአሥርተ ዓመታት ከሊቼቱ አይጠፋም። በዘመናዊ መድፊያ ሥር 60 ሴንቲሜትር የተጠቀጠቀ ሸክላ፣ በላዩም 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ምንጣፍ ማንጠፍ የተለመደ ነው። ምንጣፉ በብየዳው መጋጠሚያ ላይ ወይም ሹል ድንጋይ በወጋው ቦታ ሊያፈስ ይችላል። ምንጣፍ በሌለው አሮጌ መድፊያ ደግሞ ሊቼቱን የሚያዘገየው ከሥሩ ያለው አፈር ብቻ ነው። ፈሳሹ ውሃ ባልሞላው አፈር ውስጥ በአብዛኛው ቁልቁል ይወርዳል፤ የከርሰ ምድር ውሃው ላይ ሲደርስ አብሮ ወደ ጎን መሄድ ይጀምራል።

አቅጣጫውን ለማግኘት ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ፤ በአንድ መስመር መሰለፍ የለባቸውም። የእያንዳንዱን ጉድጓድ አፍ ከፍታ ቀያሽ ይለካል። ከአፉ እስከ ውሃው ያለው ጥልቀት በሁሉም ላይ በአንድ ቀን ተለክቶ ከዚያ ከፍታ ይቀነሳል። እኩል የውሃ ከፍታ ያላቸው ነጥቦች በመስመር ሲገናኙ፣ ውሃው ባመዛኙ መስመሩን ቀጥ ብሎ አቋርጦ ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል። ፍጥነቱ የሚሰላው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው ሕግ ነው። አሸዋው ውሃ የማሳለፍ አቅሙ በቀን 10 ሜትር፣ የውሃው ተዳፋት በ1,000 ሜትር 5 ሜትር፣ ውሃ የሚያልፍበት ክፍተት ደግሞ 25 በመቶ ቢሆን፣ 10 × 0.005 ÷ 0.25 በቀን 0.2 ሜትር ይሰጣል፤ በዓመት 73 ሜትር ማለት ነው። ስንጥቅ በበዛበት አለት ይህ ስሌት ብዙም አይታመንም። እዚያ እንደ ፍሎረሰሲን ያለ ቀለም ለቆ የት እንደሚወጣ መጠበቅ ይሻላል።

ከመድፊያው በላይ፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል የሚቆፈረው ጉድጓድ ንጹሑን ውሃ ማሳየት አለበት፤ ከታች ያሉት የሚመዘኑት በእሱ ነው። ይሁንና ከክምሩ ሥር ውሃ ሲጠራቀም የውሃው ወለል እንደ ጉብታ ይነሳና ሊቼቱ ወደ ላይኛው ጉድጓድም ይሄዳል። የክምሩ ጋዝም ተኖ የሚበር ኬሚካል ይዞ የውሃውን ፍሰት ሳይጠብቅ በአፈሩ ውስጥ ይጓዛል። ጉድጓዱ ውስጥ በሚገባው ቧንቧና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ቤንቶናይት በሚባል ውሃ ሲነካው በሚያብጥ ሸክላ በደንብ ካልተደፈነ ደግሞ ጉድጓዱ ራሱ የብክለት መውረጃ ይሆናል።

ጥልቀትም ያታልላል። ከውሃ የሚከብድ ሊቼት ወደ ታች ይሰምጣል፤ ውሃ የሚገባበት የቧንቧው ወንፊት ከላይ ብቻ ከሆነ ብክለቱ ከሥሩ ያልፋል። እንደ ትራይክሎሮኤቲሊን ያለ ከባድ ማሟሚያማ ሸክላ እስኪያገኝ ይወርድና የሸክላውን ተዳፋት ይከተላል። ውሃው ወደ ሌላ አቅጣጫ ቢሄድም ግድ የለውም።

ከሚለኩት ነገሮች ቀዳሚው ክሎራይድ ነው፤ አፈር አይዘውም፣ ባክቴሪያ አይበላውም፣ ከውሃው እኩል ይጓዛል። አሞኒያና ብዙዎቹ ብረቶች በሸክላ ቅንጣት ላይ እየተያዙ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ስለዚህ ክሎራይድ ደርሶ አሞኒያ ካልታየ፣ ቀሪው በመንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። የሟሟ የብረት ማዕድን መብዛቱ ብዙዎችን ያሳስታል። ሊቼቱ ኦክስጅኑን ሲጨርሰው ከአፈሩ ከራሱ የሚሟሟ ብረት አለና፣ ሁሉም ከቆሻሻው መጣ ማለት አይቻልም።

ናሙና ሲወሰድ በቧንቧው ውስጥ የቆመው ውሃ አስቀድሞ ይወጣል፤ ወይም በዝግታ፣ በደቂቃ ከግማሽ ሊትር ባልበለጠ ፍጥነት፣ ፒኤቹና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ እስኪረጋ ይሳባል። የሟሙ ብረቶች የሚለኩበት ናሙና እዚያው በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ያልፍና ፒኤቹ ከ2 በታች እስኪሆን ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። ድፍርስ ውሃ ሳይጣራ አሲድ ከተጨመረበት ከጭቃው የሚሟሟው ብረት ከውሃው ጋር ተደምሮ ይነበባል። ተኖ ለሚጠፋ ኬሚካል 40 ሚሊሊትር የምትይዝ ጠርሙስ እስከ አፏ ትሞላና ተከድና ትገለበጣለች። አረፋ ከታየ ናሙናው ይደፋል፤ ኬሚካሉ ወደ አረፋው ስለሚወጣ ውጤቱ ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል።

ከፍ ያለ ክሎራይድ ከመጸዳጃ ጉድጓድም ሊመጣ ይችላል። ክርክር ሲነሳ የካርቦን አይሶቶፕ፣ ማለትም በክብደት የሚለያዩ የካርቦን ዓይነቶች መጠን፣ ይረዳል። በክምሩ ውስጥ ሚቴን ሲፈጠር ቀላሉ ካርቦን ወደ ጋዙ ስለሚያደላ፣ በሊቼቱ ውስጥ ሟሙቶ የሚቀረው ኢ-ኦርጋኒክ ካርቦን በከባዱ ዓይነት፣ በካርቦን-13፣ የበለጸገ ይሆናል። በተፈጥሮ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ይህን ያህል ከፍ ብሎ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም።