የመላጫ ሳሙና ምንድን ነው? ርካሹስ ከውዱ ጋር መወዳደር ይችላልን?

ጢሙን በምላጭ የሚላጭ ሰው በገበያ ላይ እጅግ የተራራቁ ዋጋዎች ያጋጥሙታል። በአንድ በኩል የቱርኩ «አርኮ» በትር ሳሙና ወይም የ«ፓልሞሊቭ» የቱቦ ክሬም አውሮፓ ውስጥ በአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ ገደማ ይሸጣሉ፤ በሌላ በኩል ለንደን ውስጥ ለብዙ ትውልድ ስማቸው የቆየ ቤቶች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1790 የተመሠረተው «ዲ. አር. ሃሪስ» ወይም በ1805 የተመሠረተው «ትሩፊት ኤንድ ሂል»፣ በእንጨት ሳህን አድርገው የሚያቀርቡትን ሳሙና የዚያን ብዙ እጥፍ ይጠይቁበታል። ሁለቱም በብሩሽ ይመታሉ፤ ሁለቱም ነጭ አረፋ ያወጣሉ። ልዩነቱ ፊት ላይ ይታወቃል ወይስ ኪስ ላይ ብቻ የሚለውን ለመመለስ አስቀድሞ የመላጫ ሳሙና ራሱ ምን እንደሆነና ከተራ ሳሙና በምን እንደሚለይ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመላጫ ሳሙና ተቀዳሚ ተግባር ማጽዳት ሳይሆን ውኃን ጢሙ ላይ ማቆየት ነው። ደረቅ የጢም ፀጉር ለምላጭ አስቸጋሪ ነው፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ያህል ውኃ ሲጠጣ ግን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥ የሚጠይቀውም ኃይል በእጅጉ ይቀንሳል። ሳሙናው መጀመሪያ በፀጉሩ ላይ ያለውን ወዝ አጥቦ ለውኃው መንገድ ይከፍታል፤ ቀጥሎ በአረፋ መልክ ያንን ውኃ እንዳይተንና እንዳይፈስ ይይዘዋል፤ በመጨረሻም በምላጩና በቆዳው መካከል ቀጭን የሚያሟልጭ ሽፋን ይዘረጋል። ብዙ ሰው ከሦስቱ የሚያየው አረፋውን ብቻ ስለሆነ የሳሙናውንም ጥራት በአረፋው ብዛት ይለካል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። እንዶድ በደንብ ያረፋል፣ ሆኖም ፊትን በእንዶድ አረፋ ለመላጨት የሚደፍር አይገኝም። የተልባ ልጋግ ደግሞ ያሟልጫል፣ ነገር ግን አረፋ ሆኖ ጢም ላይ አይቆምም። ጥሩ የመላጫ ሳሙና የሚባለው የእንዶዱን አረፋና የተልባውን ሙልጭልጭታ በአንድ ላይ የያዘ ነው።

ይህን ጥምረት የሚያስገኘው በዋነኛነት ስቴሪክ አሲድ የሚባል የስብ አሲድ ነው። በአንድ ሞለኪዩሉ 18 የካርቦን አቶሞች ያሉት፣ በክፍል ሙቀት እንደ ሰም የሚጠጥርና በ69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚቀልጥ ነጭ ነገር ሲሆን፣ ስሙም በግሪክኛ ሞራ ማለት ከሆነው ቃል የመጣ ነው። የስብን ምንነት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመረመረውና ይህን አሲድ ለይቶ ያወጣው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኡዤን ሼቭሬል ነበር (እርሱ ራሱ 102 ዓመት ኖሯል)። ስቴሪክ አሲድ ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ሲዋሐድ ለስላሳ፣ በውኃ ቶሎ የሚሟሟ፣ ጥቃቅንና ጽኑ አረፋ የሚሰጥ ሳሙና ይሆናል። ለልብስና ለገላ ሳሙና የሚውለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በተለምዶ ኮስቲክ ሶዳ የምንለው፣ በአንጻሩ ጠንካራና ቀስ ብሎ የሚሟሟ ሳሙና ይሠራል። ስለዚህ የመላጫ ሳሙና ሠሪው ሁለቱን ይደባልቃል፤ ፖታሲየሙን ለአረፋው፣ ሶዲየሙን ሳሙናው ቅርጹን ይዞ እንዲቆም። ክሬም ሲሆን ሶዲየሙ ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይቀራል፣ ውኃውም ይበዛል። በዚህ ላይ አረፋው ቶሎ እንዲነሣ ጥቂት የኮኮናት ዘይት፣ ቶሎ እንዳይደርቅ ደግሞ ግሊሰሪን ይጨመራል። መሠረታዊው ቀመር ይኸው ነው፤ ውድ የሆነ ምሥጢር የለበትም።

በብዙ ቤት የሚታየው ጢምን በገላ ሳሙና የመላጨት ልማድ ለምን እንደማያረካም ከዚሁ ይገባናል። የገላ ሳሙና በአብዛኛው የሶዲየም ሳሙና ሲሆን የስቴሪክ አሲድ ድርሻውም አነስተኛ ነው። ትልልቅ አረፋ ያወጣል፣ አረፋውም ገና አንዱ ጉንጭ ተላጭቶ ሳያልቅ ይጠፋል፣ ከሥሩም ምላጩን የሚያንሸራትት ነገር አያስቀርም። ሰውየው ቆዳዬ ስስ ስለሆነ ነው የሚቃጠለው ብሎ ያስባል እንጂ የያዘው ሳሙና ለሌላ ሥራ የተሠራ መሆኑን አያስተውልም። እንደ እኔ ግምት ከገላ ሳሙና ወደ ርካሽ የመላጫ ሳሙና የሚደረገው ሽግግር የሚያመጣው ለውጥ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ ከሚደረገው ሽግግር እጅግ ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋጋው እንመለስ። አርኮ ለረጅም ዘመን በሚታወቅበት ቀመሩ ከሞራ የተሠራ የፖታሲየም ሳሙና፣ ስቴሪክ አሲድ እና የኮኮናት ሳሙና በዝርዝሩ አናት ላይ የሚገኙበት በትር ነው። ከለንደኖቹ ሳሙናዎች የአንዱን ማሸጊያ ገልብጦ የሚያነብ ሰውም በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ከእነዚሁ ቤተሰብ ውጪ የሆነ ነገር እምብዛም አያገኝም፤ በሞራው ፈንታ የዘምባባ ዘይት ይኖር ይሆናል። የንጥረ ነገር ዝርዝር ከብዙው ወደ ጥቂቱ የሚጻፍ በመሆኑ (ከ1 በመቶ በታች ያሉት እንደፈለጉ ሊደረደሩ ይችላሉ) በካርቶኑ ፊት በትልቁ የተጻፈው የአልሞንድ ዘይት ወይም የሐር ፕሮቲን ብዙ ጊዜ ከሽቶው በታች ተደብቆ ይገኛል። ሞራም ሆነ የዘምባባ ዘይት፣ ስቴሪክ አሲድም ሆነ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በቶን የሚሸጡ ተራ የኢንዱስትሪ ጥሬ ዕቃዎች ናቸው፤ ስቴሪክ አሲድ ለሻማ መሥሪያም ይውላል። በሃይማኖት ምክንያት የስቡን ምንጭ የሚጠነቀቅ ሰው ካለ ዝርዝሩ ላይ «ታሎዌት» የሚለው ቃል ሞራን፣ «ላርዴት» የሚለው ደግሞ የአሳማ ስብን እንደሚያመለክት ማወቁ ይጠቅመዋል፤ ይህን ከዋጋው መገመት አይቻልም።

ታዲያ ተጨማሪው ገንዘብ የት ይሄዳል? አብዛኛው ወደ ሽቶው፣ ወደ ዕቃውና ወደ ስሙ ነው። የሽቶውን ጉዳይ አቅልሎ ማለፍ ተገቢ አይሆንም፤ ጢሙን በየማለዳው የሚላጭ ሰው አፍንጫው ሥር የሚቀባውን ነገር መዓዛ ቢመርጥ አይፈረድበትም። የአርኮ ጠጅ ሣር የመሰለ ብርቱ ሽታ አንዳንዱን አባቱን ያስታውሰዋል፣ ሌላውን መታጠቢያ ቤት ፅዳት ያስታውሰዋል። የሰንደልን፣ የላቬንደርን ወይም የጽጌረዳን መዓዛ በጥንቃቄ አመጣጥኖ ማቅረብ በእርግጥ ዋጋ ያስወጣል። ይሁን እንጂ ሽቶው ምላጩን አያሾልም፣ እንዲያውም ለአንዳንድ ቆዳ ጠላት ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት አለርጂ ሊቀሰቅሱ የሚችሉ 26 የሽቶ ንጥረ ነገሮች በስማቸው እንዲጻፉ ሲያስገድድ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ዝርዝሩን ወደ 80 ገደማ ያሳደገውም ለዚህ ነው።

ለውዱ ሳሙና ሊሰጠው የሚገባውን ምስክርነትም መንፈግ አይገባም። በሁለት ነገር በእርግጥ ሊበልጥ ይችላል። አንደኛው ከተላጩ በኋላ ቆዳው ላይ የሚቀረው ስሜት ነው። ሳሙና በባሕርዩ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ሲሆን የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች) ከ9 እስከ 10 ይደርሳል፣ የቆዳችን ገጽ ግን 5 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከተላጩ በኋላ ቆዳ መወጠሩ አይደንቅም። ላኖሊን የሚባለውን የበግ ጠጉር ቅባት ወይም የሺአ ቅቤን (ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ስብ) በርከት ባለ መጠን የጨመረ፣ ከስቡም ጥቂቱን ሳሙና ሳያደርግ የተወ ሠሪ ይህን መወጠር ያቀልላል። ሁለተኛው ጥሩ ሳሙና ስሕተትን መቻሉ ነው፤ ውኃው ቢበዛም ቢያንስም፣ እጅ ያልለመደ ቢሆንም አረፋው ይነሣል። ርካሹ ሳሙና አንዳንዴ ትክክለኛውን የውኃ መጠን እስኪያገኙለት ድረስ ያስቸግራል። ሆኖም ሁለቱም ብልጫዎች ከዋጋው ጋር አብረው አይወጡም። እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ በፍሎረንስ የቆየው የማርቴሊ ቤት የሚያወጣው አረንጓዴው «ፕሮራሶ»፣ ባሕር ዛፍና ሜንቶል ያለበት ክሬም፣ በመካከለኛ ዋጋ ሁለቱንም ያሟላል፤ በአንጻሩ ዋጋቸውን ሳይቀንሱ ቀመራቸውን ከሞራ ወደ አትክልት ዘይት የለወጡ ስመ ጥር ቤቶች የቀድሞ ደንበኞቻቸውን ቅር ያሰኙበት ጊዜ አለ።

ሒሳቡንም እናስላ። ብሩሽ በአግባቡ የሚጠቀም ሰው በአንድ መላጨት 1 ግራም ገደማ ጠንካራ ሳሙና ይበቃዋል። ስለዚህ 75 ግራሙ የአርኮ በትር 75 ጊዜ፣ 100 ግራሙ የለንደን ሳሙና 100 ጊዜ ያህል ያገለግላሉ ማለት ነው፤ የመግዣ ዋጋቸው 10 እጥፍ ቢራራቅ በአንድ መላጨት የሚኖረው ልዩነት 7 እጥፍ ተኩል ይሆናል። ይህም ቢሆን የትንሽ ነገር ብዜት ነው። ውዱ ሳሙና እንኳ በአንድ መላጨት ሲሰላ የሚያስወጣው ሳንቲም ስለሆነ፣ አቅም ያለው ሰው ለመዓዛው ብሎ ቢገዛ ብክነት አልለውም። ብክነት የሚመስለኝ የጣሳ አረፋ ነው። ጣሳው ውስጥ ያለው በአብዛኛው ውኃ ሲሆን ከዚያው ስቴሪክ አሲድ ጥቂት፣ አረፋውን የሚገፋ እንደ አይሶቡቴን ያለ ጋዝና ማሸጊያው ብረት ተጨምረውበታል። አረፋው አንድ ጊዜ ጫን ሲሉት ተዘጋጅቶ ይወጣልና የሚቸኩል ሰው ቢመርጠው ይገባኛል፤ ነገር ግን በብሩሽ እንደተመታ አረፋ ውኃን ወደ ጢሙ ሥር አያደርስም፣ አየሩም ይበዛል።

ዋጋን ከመመልከት በፊት ውኃን መመልከት ይበጃል። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውኃ ከስቴሪክ አሲድ ጋር ተጣምሮ የማይሟሟ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ሳሙናው አረፋ ከመሆኑ በፊት ከፊሉ በዚህ ይባክናል። የድሬዳዋ ወይም የመቀሌ ነዋሪ በማፍያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቀዋል፤ ለንደን የሚኖረውም እንዲሁ። በእንዲህ ያለ ውኃ በጣም ውድ የሆነ ሳሙና ሊያሳፍር፣ በለሰለሰ ውኃ ደግሞ ርካሹ ሊያስደንቅ ይችላል። ሠሪዎች ካልሲየሙን የሚያስሩ እንደ ኢዲቲኤ ያሉ ውሕዶችን የሚጨምሩት ለዚህ ሲሆን፣ በርካሾቹም በውዶቹም ዝርዝር ላይ ይገኛሉ። ይህም ባይኖር ሳሙናውን በርከት አድርጎ መውሰድ ወይም አንድ ኩባያ የተጣራ ውኃ መጠቀም ችግሩን ያቃልለዋል።

የትኛውም ሳሙና የማይፈታው ችግር ደግሞ አለ። ጢማቸው የተጠቀለለ ሰዎች፣ ከእኛም መካከል ብዙዎች፣ ከተላጩ በኋላ አንገታቸው ላይ የሚወጣባቸው እብጠት የሚመጣው የተቆረጠው ፀጉር ጫፍ ተመልሶ ቆዳውን ሲወጋ ነው። መፍትሔው ጢሙ በሚያድግበት አቅጣጫ መላጨት፣ ቆዳን ወጥሮ ከሥር ለመቁረጥ አለመሞከርና አንዳንዴም በማሽን አሳጥሮ መተው ነው። የሚያሟልጭ ሳሙና መቧጠጡን ይቀንሳል፣ ፀጉሩ እንዳይጠቀለል ግን አያደርግም፤ በማሸጊያው ላይ ይህን የሚያስመስል ቃል ገብቶ ዋጋ የሚጨምር ካለ ገንዘብን ከኪስ ባያወጡ ይሻላል።

ሁለት ሳሙናዎችን በራሱ ፊት ማወዳደር የሚፈልግ ሰው አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ ጉንጩ ተቀብቶ በአንድ ምላጭ ይላጭ፤ በማግስቱም ጎኑን ይቀያይር፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን አንዱን ጉንጭ ከሌላው አሳምረን እንላጫለን። ካጠበ በኋላ እርጥብ ጣቱን በቆዳው ላይ ቢያንሸራትት የትኛው ሽፋን እንዳስቀረ ወዲያው ይሰማዋል። ስሙን ሳያውቅ እንዲፈርድ ሌላ ሰው አረፋውን ቢመታለት ደግሞ ፈተናው የተሻለ ይሆን ነበር፤ ችግሩ ግን አንደኛው አርኮ ከሆነ ገና ብሩሹ ሳይቀርብ ሽታው ማንነቱን ያወጣል።